የታኅሣሥ ተረኛ

ቦሰና ፈሪ ናት። ሐሜት አይደለም፤ ራሷ የምትናገረው ነው። መብረቅ ትፈራለች፣ ውሻ ትፈራለች፣ ሊፍት ትፈራለች፣ ከሁሉ በላይ ግን ወረቀት የያዘ ሰው ትፈራለች። በሯ ተንኳኩቶ ደብተር የያዘ ሰው ደጅ ከቆመ፣ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣም ቢሆን፣ እጇ ሳታስበው ወደ አንገቷ ይሄዳል። የአብነት ሰፈር ጎረቤቶቿ «ፈሪ ለእናቱ» እያሉ ሲተርቱባት አብራቸው ትስቃለች። «እናቴም ፈሪ ነበረች፤ ይኸው ሁለታችንም ዕድሜ ጠገብን» ትላቸዋለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለችዋን ሴት ነው አሥራ ሁለቱ የልደታ ማኅበርተኞች ሙሴ አድርገው የመረጧት። በጽዋ ማኅበር አለቃው ሙሴ ይባላል፤ ሴት ብትሆንም ሙሴ ነው የምትባለው። ያስመረጣት ድፍረቷ ሳይሆን እጇ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና የኖረች ሴት ናትና የተረኞችን ዝርዝር እንደ እሷ አድርጎ የሚይዝ አልተገኘም። ወር በገባ በአንድ፣ በልደታ ቀን፣ ሴቶቹ ከተረኛዋ ቤት ይሰበሰባሉ። አባ ወልደገብርኤል ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል። ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ትነሣና በቀይ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ በሁለት እጇ ትቀበላለች፤ ሌሎቹም እየዘመሩ ቤቷ ድረስ ይሸኟታል። ጽዋው ወሩን ሙሉ እሷ ዘንድ ይከርማል። ከእናቶቻቸው የወረሱት ደንብ ይኸው ነው።

የቦሰናን ፍርሃት ሥሩን የሚያውቁ ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው ንስሐ አባቷ አባ ወልደገብርኤል ናቸው። ሁለተኛዋ ፀሐይቱ ናት።

ነገሩ የሆነው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ነው። ቦሰና ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አምስት ሆነው በሚሠሩበት የታይፕ ክፍል ታናሿ እሷ ናት። አንድ ሰኞ በውይይት ክበብ ላይ ካድሬው ስለ ኋላ ቀር ልማድ ሲናገር ቆየና ድንገት ወደ እሷ ዞረ። «ጓድ ቦሰና፣ አንገትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አላት። ማተቧን ነው። በዚያው ሳምንት ከሂሳብ ክፍል ሁለት ሰዎች ተወስደው አልተመለሱም። ቦሰና ከወንበሯ ተነሣች፤ «ምንም አይደለም፣ ክር ነው» አለች፤ ከጠረጴዛዋ ላይ የወረቀት መቀሱን አንሥታ ማተቧን ቆረጠችውና ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

ቁረጪ ያላት ሰው አልነበረም። ይህ ነው ዕድሜ ልኳን የበላት። ካድሬው እንኳ ደንግጦ ነበር። የተጠየቀችው ጥያቄ አንድ፣ የመለሰችው ግን ሁለት ሆነ። ሁሉም ሲወጣ ተመልሳ ቅርጫቱን ብታየው ጽዳት ሠራተኛዋ ገልብጣው ሄዳለች።

ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ባዶ አንገቷን በሻርፕ ሸፍና ኖረች። ዘመኑ ሲለወጥ፣ ያፈረ ሁሉ ማተቡን አጥልቆ አደባባይ ሲወጣ፣ እሷ አልቻለችም። ገዝቶ ማሰሩ ምን ያቅታል? ልቧ ግን «አንቺ አይደለሽም እንዴ የቆረጥሽው?» እያለ ይሞግታታል። ወደ ልደታ ማኅበር የገባችው በዚያ ሰሞን ነው። ከሴቶቹ አንዷ ከአክሱም ወዲህ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ የልብስ ሰፊው የገብረአረጋዊ ሚስት ፀሐይቱ ነበረች። ሁለቱ ጎን ለጎን ብርጭቆ ሲያጥቡ የቦሰና ሻርፕ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ፀሐይቱ አየች፤ ምንም አልጠየቀችም። በሚቀጥለው ወር ግን ከባሏ መስፊያ ቤት ጥቁር የሐር ክር ይዛ መጣች፤ ጓዳ ወስዳ አስቀመጠቻት፤ ሦስት ክር ጉልበቷ ላይ አድርጋ በመዳፏ ገመደችው።

«አንገትሽን ስጪኝ» አለቻት።

ቦሰና በዚያች ጓዳ ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ ሁሉንም ነገረቻት። ፀሐይቱ እየሰማች ቋጠሮውን አጠበቀች። «በይ ተነሺ፣ ጠላው እየሞቀ ነው» ብቻ ነው ያለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ ክሩ ባረጀ ቁጥር የምትገምድላት ፀሐይቱ ነበረች።

አሁን ወደ ሁለት ሺህ አሥራ አራት እንምጣ። በሰሜን የተነሣው ጦርነት ዓመቱን ደፍኖ ወደ መሀል አገር እየገሠገሠ ነው የተባለበት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት፣ ሰው ጎረቤቱን በጎሪጥ ማየት የጀመረበት ጥቅምትና ኅዳር። አዋጁ በወጣ በሳምንቱ ገብረአረጋዊን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለው መስፊያ ሱቁ ደጃፍ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ወሰዱት። የት እንደሆነ ፀሐይቱ ያወቀችው በአምስተኛው ቀን ነው። ምሳ ትወስድለታለች፤ ሳህኑን ይቀበሏታል፣ እሱን ግን አያሳዩአትም። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ «በልቷል፣ አለ ማለት ነው» እያለች ትውል ነበር።

በዚያ ሰሞን የኅዳር ልደታ ከቦሰና ቤት ዋለ። ፀሐይቱ አልመጣችም። ሌሎቹ ተሰብስበው ጸሎቱ ሲያበቃ ጨዋታ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያውቁትን ነገር ማን አንሥቶ ይናገረው እያሉ ብርጭቋቸውን ያያሉ። በዝርዝሩ ላይ የታኅሣሥ ተረኛ ፀሐይቱ ነበረች።

ዝምታውን የሰበረችው ሀረገወይን ነች። ሀረገወይን ከጠመንጃ ያዥ ተነሥታ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የገባች፣ አፏ ቀጥተኛ፣ እጇም ቸር የሆነች ነጋዴ ናት። አንድ ልጇ ባሮክ ወታደር ሆኖ ግንባር ነበር። «ባሮክ ከደወለልኝ ሰባ ሦስት ቀኑ» አለች። «በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ እዚያ ቤት ሄጄ ጠላ መጠጣት አልችልም። በኋላ እንዳትቀየሙኝ።»

አንዷ በለሆሳስ «እዚያ ሰፈር የገባ የወጣውን ይመዘግባሉ አሉ» አለች። ሌላዋ «ግድግዳም ጆሮ አለው» አለች። ከዚያ ሁሉም ሙሴያቸውን አዩ።

ቦሰና ቃል ስትፈልግ አልቆየችም። ታይፒስት ነች፤ ደብዳቤ እንዴት እንደሚለዝብ ታውቃለች። «ፀሐይቱ በሐዘን ላይ ናት» አለች። «ባሏ ታስሮ እንዴት ደግሺ እንላታለን? ግፍ ነው። ተራው ይለፋትና ትረፍ። ታኅሣሥን የጥር ተረኛዋ ሀረገወይን ታውጣልን።»

ቤቱ እፎይ አለ። «እውነትሽን ነው»፣ «ምስኪን ትረፍበት»፣ «እግዜር ያስብላት» ተባለ። አንዲት ሴት እንባዋንም ጠረገች። ቦሰና ማስመሪያዋን አውጥታ የፀሐይቱን ስም በቀጭን መስመር ሰረዘችው፤ ጎኑ ላይ ሀረገወይን ብላ ጻፈች። በመንገድ እየዘመሩ ጽዋ መሸኘት በዚያ ወቅት የማይታሰብ ስለነበር ጽዋው እስከ በዓሉ ድረስ እዚያው ቦሰና ዘንድ ይቆይ ተባለ። «ለፀሐይቱ እኔ እነግራታለሁ» አለች ቦሰና።

ግን አልነገረቻትም። ዛሬ ነገ ስትል ሁለት ሳምንት አለፈ። ኅዳር አሥራ አራት፣ ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ዳቦ ይዛ ወደ ጠመንጃ ያዥ ወረደች። ፀሐይቱ ከስታለች፤ ነጠላዋ ላይዋ ላይ ሰፍቷታል። ግን ፊቷ ታጥቧል፣ ፀጉሯ ተሠርቷል። ግቢው መሀል ሰፌድ ላይ የተሰጣ ነገር አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ቦሰና።

«ጌሾ ነዋ! ዓይንሽ ደከመ እንዴ እትዬ ቦሴ? ታኅሣሥ ደረሰ እኮ። ብቅሉንም አስፈጭቻለሁ።»

ቦሰና አፏ ውስጥ ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት። ስኳሩን እንደያዘች ቆመች። በዚህ መሐል የፀሐይቱ ስልክ ጮኸ። ፀሐይቱ ወደ በሩ ተመልክታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ አወራች፤ ዘጋችና ሳቅ አፈናት። «እህቴ ናት፣ ከናዝሬት። ስልክ ላይ በትግርኛ አናውራ ተባብለናል። የሷ አማርኛ ደግሞ! ‹ገብረአረጋዊ ትናፍቀዋለሁ› አለችኝ» አለች። ሳቀች፣ ሳቀችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ቦሰናም አብራ ሳቀች፤ አብራም አለቀሰች። ልትነግራት የመጣችውን ግን ሳትነግራት ወጣች።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ከየት ይምጣ። ሁለት ጠላ በሁለት ቤት እየተጠመቀ ነው፤ አንዱ ሰንጋ ተራ፣ አንዱ ጠመንጃ ያዥ፤ ጽዋው ደግሞ አንድ ነው፣ እሱም ከእሷ ቁምሳጥን ላይ። ቦሰና ልብሷን ልታወጣ ቁምሳጥኑን በከፈተች ቁጥር ቀና ብላ ላለማየት ትሞክራለች። በመጨረሻ አልሆንላት ሲል ልደታ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ አባ ወልደገብርኤልን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። አስም አለባቸው፤ ሲናገሩ በየመካከሉ ያርፋሉ።

«አባቴ፣ ያዘነን ሰው ተራ ማሳለፍ ኃጢአት ነው?» አለቻቸው።

«ያዘነን ሰው ማሳረፍ ደግ ነው። እሷ አሳርፉኝ ብላለች?»

«አላለችም።»

«ታዲያ ማነው ያረፈው?»



አባ ትንፋሻቸውን ሰብስበው መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ስሚ ልጄ። እኔም ፈርቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ወጥቼ፣ ከመንገዱ ጫፍ ላይ ሰዎች ቆመው አየሁና ተመለስኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጥምጣሜ! ስለዚህ እኔ አንቺን አልቆጣም። ፈራሁ በይ። እግዚአብሔር ፈሪ ያውቃል፤ ጴጥሮስንም ያውቀዋል። ለሐዘኗ ብዬ ነው ግን አትበይ። እሱን አትበይ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ አባቴ?»

«ሙሴዋ አንቺ ነሽ» አሉ አባ። ሌላ የተናገሩት የለም። ቦሰና እንዲያዝዙኝ ብላ ነበር የሄደችው፤ ሳያዝዙ ስለቀሩ ትንሽ ተቀየመቻቸው።

ታኅሣሥ አንድ ዓርብ ዋለ። የጾም ቀን ስለሆነ ማኅበርተኞቹ የሚሰበሰቡት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ቦሰና ስምንት ተኩል ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጽዋውን በቀይ ጨርቁ እንደተሸፈነ በትንሽ ሞሰብ ውስጥ አድርጋ ተነሣች። ባንክ የምትሠራው ልጇ ኑኃሚን በዚያ ቀን አሟት ቤት ነበረች። «እማዬ፣ ሰንጋ ተራ ነው አይደል?» አለቻት። እናቷ ጠመንጃ ያዥ እንዳትወርድ ስለሰጋች ነው የጠየቀችው። ቦሰና «ማኅበር ነዋ፣ ሌላ የት እሄዳለሁ» ብላ ወጣች።

አስፋልቱ ዳር ደርሳ ቆመች። ወደ ሰንጋ ተራ የሚሄደው ታክሲ መጣ። ረዳቱ «ግቢ እናቴ፣ አንድ ሰው ነው የቀረው» አላት። አልገባችም። ሌላ መጣ፤ እሱንም አሳለፈችው። እግሯ ወደ ታክሲው አልሄድ አለ፤ ወደ ጠመንጃ ያዥም አልሄድ አለ። ሰው ሁሉ የሚያያት መሰላት። ሀረገወይን ቤት ብትሄድ የሚቆጣት የለም። ጠላው ይጠጣል፣ ጸሎቱ ይደርሳል፣ ሁሉም ተመስገን ብሎ ይገባል። ፀሐይቱም አትናገርም፤ ያኔም ባዶ አንገቷን አይታ አልተናገረችም። ይህን ስታስብ ነው መራመድ የጀመረችው፣ ወደ ጠመንጃ ያዥ። ጀግና ሆና አይደለም። «እመቤቴ፣ ማንም አይየኝ» እያለች ነው።

ግን አያት። ወደ ፀሐይቱ ቤት የሚያስገባው መንገድ ጫፍ ላይ ጎሚስታው ፈቃደ ቆሟል። ከልጅነቱ ጀምራ ታውቀዋለች፤ ከእናቱ ጋር ጾመዋል፣ ጸልየዋል። አሁን ግን አካባቢ ጠባቂ ሆኖ ፊሽካ አንገቱ ላይ፣ ደብተር እጁ ላይ ይዟል። ደብተሩን ስታይ ቦሰና ቆመች።

«እማማ ቦሰና፣ ወዴት ነው?»

«ወደዚህ።»

«ወዴት ነው ወደዚህ?» ሞሰቡን አየው። «የያዙት ምንድን ነው?»

አርባ አራት ዓመት አልፎ ያው ጥያቄ ተጠየቀች። እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። ምንም አይደለም የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ጣቶቿ ግን ክሩን አገኙት፣ በፀሐይቱ ጉልበት ላይ የተገመደውን ክር። ያዘችው።

«ጽዋ ነው» አለች። ድምፅዋ ስለቀጠነ መልሳ አለችው። «የልደታ ጽዋ ነው። ፀሐይቱ ቤት ነው የምወስደው። ተረኛዋ እሷ ናት።»

ፈቃደ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የተሰጠው ደብተር ግን ነበረ። «እማማ፣ ለራስዎ ብዬ ነው፣ ይመለሱ። ቅድም ቄሱ ገቡ፣ አሁን ደግሞ እርስዎ። ሰው ከበዛ ስብሰባ ነው ይሉኛል።»

«አባ ገብተዋል?» አለች ቦሰና። ልቧ ሞቀ። ሽማግሌው ሳይነገራቸው ትክክለኛዋ ተረኛ ቤት ቀድመዋት ደርሰዋል። «ጽዋ መንገድ ላይ አይመለስም፣ ፈቃደ። እናትህ ብትኖር አብራኝ ነበር የምትገባው።»

«ስምዎን ልጽፍ ነው እንግዲህ» አለ ፈቃደ፤ እያፈረ ነው ያለው።

«ጻፋ» አለችው።  በአጠገቡ አልፋ ሄዳ የፀሐይቱን ግቢ በር ከፈተች።

የፀሐይቱ ቤት ተጠርጓል። ግድግዳውን ተደግፎ ከጎረቤት የተለመነ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ ጠረጴዛው ላይ የአባን ጨምሮ አሥራ ሦስት ብርጭቆ ተገልብጦ ተቀምጧል። ጥግ ላይ አባ ወልደገብርኤል መቋሚያቸውን ይዘው ተቀምጠው ያነባሉ። ፀሐይቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቦሰና ሞሰቡን ሳታስቀምጥ፣ ሰላምታም ሳትሰጥ ተናገረች፤ ቆይታ ብትናገር ድፍረቷ እንደሚያልቅ ታውቃለች።

«ፀሐይቱ፣ ስምሽን ሰርዤው ነበር። ኅዳር አንድ፣ በገዛ እጄ፣ በማስመሪያ። በሐዘንሽ አመካኘሁ እንጂ ፈርቼ ነው። ተራሽን ለሀረገወይን ሰጥቼው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ፀሐይቱ።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ሁሉንም። ሀረገወይን በማግሥቱ ደውላ ነግራኛለች። እሷ ከሰው ጀርባ ማውራት አትችልበትም፤ ተቀየሚኝ ብላ ነው የነገረችኝ።»

«ጌሾውን ያየሁ ዕለት ታውቂ ነበር? ታዲያ ለምን ጠመቅሽ? ለማን ብለሽ?»

ፀሐይቱ የተጠየቀችው ነገር አልገባት ያለ ይመስል ቦሰናን ትኩር ብላ አየቻት። «ተራዬ ነዋ» አለች። «መጣችሁም አልመጣችሁም ተራዬ ነው። እኔ የምደግሰው ለልደታ ነው እንጂ ለእናንተ ነው እንዴ?»

ከዚያም ሁለት እጇን ዘረጋች። ቦሰና ጽዋውን ሰጠቻት። ፀሐይቱ ተቀብላ ቀዩን ጨርቅ ሳመችው፣ ግንባሯን አስነካችው፤ ባሏ ከተወሰደ ጀምሮ አፍና የያዘችውን ልቅሶ ያን ጊዜ አለቀሰችው። አባ ወልደገብርኤል መጽሐፋቸውን ዘግተው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የቦሰና ስልክ ጮኸ። ሀረገወይን ነበረች፤ ከኋላዋ የሴቶች ድምፅ ይሰማል። «ሙሴ፣ የት ቀረሽ? ሰው ተቀምጦ ጽዋው የታለ?»

«ፀሐይቱ ቤት ነው» አለች ቦሰና።

 ስልኩ ተዘጋ። ፀሐይቱ ምንም ሳትጠይቅ ከአሥራ ሦስቱ ብርጭቆ ሦስቱን ቀና አደረገች፤ አባም ለጸሎት ተነሡ። «አባታችን ሆይ» ተባለ፤ ሦስት ደካማ ድምፅ ነው፣ ቤቱን እንኳ አይሞላም። ዳቦው ሊባረክ ሲል የግቢው በር በኃይል ተገፍቶ ተከፈተ። ቦሰና ዓይኗን ጨፈነች። የሚመጣው ማን እንደሆነ አልተጠራጠረችም፤ ፈቃደ ጽፎ፣ ደብተሩ ደርሶ፣ ሰዎቹ መጡ ብላ ነው።

የገባችው ሀረገወይን ነበረች። ትልቅ ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ሸፍና ታቅፋ፣ ታክሲ ስትጋፋ ነጠላዋ ተጠማዝዞ፣ ፊቷ ቀልቷል። ከኋላዋ ማንም የለም። «ዘጠኙም ወደ ቤታቸው ሄዱ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። «ጽዋው በሌለበት ምን ላደርግ ነው? ዳቦው ደግሞ ተባርኮ ካልተበላ ግፍ ነው።» ድፎውን ጠረጴዛው ላይ ድብ አድርጋ አስቀመጠችው። ፀሐይቱን አላየቻትም፤ ቦሰናን ግን በዓይኗ ልትጠብሳት ደረሰች። በሩ አጠገብ፣ ልሂድ ስትል የሚመቻት ቦታ ላይ ተቀመጠች።

አባ ጸሎቱን ቀጠሉ። የታመሙትን አሰቡ፣ የሞቱትን አሰቡ፣ የታሰሩትን ሲያስቡ የገብረአረጋዊን ስም ጠሩ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው «ሌላ የምታስቡት ሰው አለ?» አሉ።

«አለ» አለች ፀሐይቱ። «ባሮክ የሀረገወይን ልጅ። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። ሲወለድ ጀምሮ የማውቀው ልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ዩኒፎርሙን የሰፋለት ባለቤቴ ነው። እግዚአብሔር በሰላም ለእናቱ ያግባላት።»

አባ ስሙን ጠርተው ጸለዩለት። ሀረገወይን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ነበር።  ጸሎቱ ሲያበቃ ማንም አላባበላትም፤ ፀሐይቱ ሄዳ አራተኛውን ብርጭቆ ቀና አደረገችና ጠላ ቀዳችላት። ሀረገወይን ብርጭቆውን አየችው፣ ከዚያ አንሥታ ጠጣች። «ጌሾ አብዝተሻል» አለች በታፈነ ድምፅ። «ሁልጊዜ እንደምታበዢው ነው።»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ እንደምታሳንሺው» አለች ፀሐይቱ።

ቦሰና የዚያን ቀን ብዙ ነገር ረስታለች፤ ይህችን ንግግር ግን አልረሳችም። ሳቅ አልነበረም፤ እርቅም ነው ማለት አይቻልም። አንዷ ከባሏ፣ አንዷ ከልጇ የተነጠሉ፣ አንዷ ሌላዋን ለመጥላት በቂ ምክንያት አለሽ የተባሉ ሁለት ሴቶች ስለ ጌሾ ተከራከሩ።

ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ የጥር ተረኛ መባል ነበረበት። ሀረገወይን ሳትጠራ ተነሣች። ፀሐይቱ ጽዋውን አመጣች፤ ሀረገወይን በሁለት እጇ ተቀበለች። በዚያች ቅጽበት እጆቻቸው ከጨርቁ ሥር ተነካክተው ለጥቂት ጊዜ እንደዚያው ቆዩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲወጡ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አባ ወልደገብርኤል መቋሚያቸውን እየተደገፉ ከፊት፣ ሀረገወይን ጽዋውን ታቅፋ ከመሀል፣ ቦሰና ከኋላ ሆነው ወደ መንገዱ ጫፍ ሄዱ። ፀሐይቱ እስከ ግቢው በር ሸኘቻቸው። ማንም ጀምሩ ሳይላቸው አባ በቀጭን፣ በየመሀሉ በሚቆራረጥ ድምፅ መዝሙሩን አነሡት፤ ሀረገወይን ተቀበለች። ሱቅ ደጃፍ የቆሙ ሰዎች ዞረው አዩ። የልደታ ጽዋ መንገድ ላይ እየተዘመረለት ሲሄድ ካዩ ሁለት ወር አልፏቸው ነበር። አንዲት አሮጊት ከበራቸው ብቅ ብለው አማተቡ።

ፈቃደ እዚያው ቆሟል። ሲደርሱ መዝሙሩ ቆመ። ቦሰና ደብተሩን አየችው። አሁንም ትፈራዋለች። እጇ ግን በጎኗ ነው።

«ስንት ሆናችሁ ነበር እማማ?» አለ ፈቃደ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

«አራት» አለች ቦሰና። «እኔ፣ አባ ወልደገብርኤል፣ ሀረገወይንና የቤቱ ባለቤት ፀሐይቱ። አሥራ ሦስት መሆን ነበረብን። የሚቀጥለው ጥር አንድ ነው፤ ሰንጋ ተራ፣ ሀረገወይን ቤት። ፀሐይቱም ትመጣለች። ይህንንም ጻፈው።»